ከጎንጅ ቅኔ ቤት እስከ አካቶው ክፍል

በቅኔ ቤት የማታ ጉባኤ መብራት አይፈልግም። የኔታ ከጎጇቸው ደጃፍ ይቀመጣሉ፤ ተማሪው ደበሎውን ተከናንቦ ዙሪያቸውን ይከባል። የኔታ ግሥ ያወርዳሉ፣ አገባብ ይናገራሉ፣ ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ተማሪው ይቀበላል፣ ይደግማል፣ በቃሉ ይይዛል። በማግሥቱ እያንዳንዱ ወደ ጫካው ወይም ወደ ወንዙ ዳር ለብቻው ሄዶ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እየጠነከረ ሲሄድ ወደ ሚበዝኁ፣ ኋላም ወደ መወድስ ይሻገራል። የቆጠረውን ይዞ ይመለስና ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታም የጎደለውን ያቃናሉ። በዚህ ሁሉ መካከል ብራና አይዘረጋም፣ ቀለም አይበጠበጥም። በማኅሌት አንድ ጊዜ የተባለ ቅኔ ዳግም ስለማይባል የሚገለበጥ ነገርም የለም።

በዚህ ጉባኤ ዓይነ ስውሩ ተማሪ አጠገቡ ከተቀመጠው ጓደኛው ያነሰ አያገኝም ነበር። የጎጃሞቹ ጎንጅና ዋሸራ ከዋድላ ጋር ሆነው የቅኔ ቤቶች መለያ ስም የሆኑት በከንቱ አይደለም፤ የጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ለዘመናት የቃል ትምህርት አገር ነው። ከደጋ ዳሞት፣ ከቋሪት፣ ከሰከላ፣ ከቡሬና ከጃቢ ጠህናን ገጠር የወጡ ልጆች አኩፋዳቸውን አንግተው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ቁራሽ ለምነው በእነዚህ ቤቶች ተምረዋል። ከመካከላቸው ፈንጣጣ፣ ኩፍኝ ወይም የዓይን ማዝ ብርሃናቸውን የነሣቸው ነበሩ። በመቅደስ ውስጥ የሚፈጸመው የቅስናና የዲቁና አገልግሎት ለእነሱ እምብዛም ክፍት አልነበረም፤ በቅኔ ማኅሌት ግን መሪጌታ፣ በጉባኤ ደግሞ የኔታ ሆነው ብዙ ደቀ መዝሙር አፍርተዋል። በተማሪነታቸው ልመና ሲወጡ እጃቸውን ይዞ የሚመራቸው፣ ከውሻ የሚከላከልላቸው ጓደኛም በተማሪው ማኅበር ልማድ ይገኝ ነበር።

የአካቶ ትምህርት የሚለው ስያሜ ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት ዓይነ ስውሩና ዓይናማው አብረው የተማሩበት ቤት በጎጃም ነበረ ማለት ነው። ለዓይነ ስውሩ ተብሎ የተደረገ የተለየ ነገር አልነበረም። ሌላው ተማሪም በእሱ ምክንያት የቀረበት አልነበረም። መንገዱ ከመነሻው ለጆሮና ለልቡና የተሠራ በመሆኑ ዓይን የሌለውን አላስቀረም።

ያው መንገድ ግን ሌላውን ሙሉ በሙሉ አስቀርቷል። መስማት የተሳነው ልጅ በቅኔ ቤትም በዜማ ቤትም ቦታ አልነበረውም። ትምህርቱ ሁሉ ከአፍ ወደ ጆሮ ነበርና ደጁ ላይ ቢቆም ከንፈር ሲንቀሳቀስ ከማየት በቀር የሚይዘው የለም። ከብት ጥበቃና እርሻ ሆነ ዕጣው። ሴት ልጅም ከጥቂቶች በቀር እዚያ ጉባኤ አልተቀመጠችም። እነዚህን ሁለት እውነቶች አንድ ላይ መያዝ ያስፈልጋል፤ የኋላውን ታሪክ የሚያስረዱት እነሱ ናቸውና። የትኛውም የማስተማሪያ መንገድ ለሆነ ሰው እንዲመች ተደርጎ የተሠራ ነው። ልዩነቱ ለማን የሚለው ላይ ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ይዞት የመጣው ጥቁር ሰሌዳን፣ ጠመኔንና ደብተርን ነው። መምህሩ ጀርባውን ለተማሪው ሰጥቶ ይጽፋል፤ ተማሪው ቀና እያለ ይገለብጣል። በቅኔ ቤት ከማንም ያላነሰው ዓይነ ስውር ልጅ በአንድ ጊዜ «ልዩ» ተማሪ ሆነ። ከዓይኑ የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ የተለወጠው ክፍሉ ነው።

የመጀመሪያው መልስ ልዩ ትምህርት ቤት ነበር። በአውሮፓ ይህ ዓይነቱ ተቋም የተጀመረው ቫለንቲን አዊ በ1784 እ.ኤ.አ. ገደማ ፓሪስ ላይ ለዓይነ ስውራን ልጆች ትምህርት ቤት ሲከፍት ነው፤ ሉዊ ብሬል በስሙ የሚጠራውን የነጠብጣብ ጽሕፈት የፈጠረው በዚያው ትምህርት ቤት ተምሮ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በሚሲዮናውያን በኩል ሲሆን፣ በ1917 ዓ.ም. ገደማ ወለጋ ደምቢ ዶሎ ላይ የተጀመረው የዓይነ ስውራን ትምህርት እንደ መነሻ ይጠቀሳል። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሰበታ ላይ መርሐ ዕውራን የተባለ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር ተመሠረተ። በ1950ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ መካኒሳ ላይ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በቅኔ ቤት ደጅ የቀረው ልጅም የራሱ ክፍል አገኘ።

እነዚህና መሰል ልዩ ትምህርት ቤቶች ብዙ ሰው አውጥተዋል። ደቡብ ወሎ ሳይንት የተወለደችው የትነበርሽ ንጉሤ በ5 ዓመቷ ዓይኗን ካጣች በኋላ የተማረችው በሻሸመኔ የካቶሊክ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ገብታ ከዓይናማ ተማሪዎች ጋር ተማረች፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠናች፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። በአካባቢዋ ልማድ ሊደርስባት ይችል ከነበረው ያለዕድሜ ጋብቻ ያተረፋት ዓይነ ስውርነቷ መሆኑን ራሷ በአደባባይ ትናገራለች። መንገዷ በሁለቱ ዓይነት ተቋማት በኩል ያለፈ ነው፤ ብሬልንና በራስ መተማመንን በልዩ ትምህርት ቤት፣ ከሌላው ጋር ተፎካክሮ መኖርን በመደበኛው ትምህርት ቤት።

በምዕራብ ጎጃም ለሚኖር የፍኖተ ሰላም አካባቢ ገበሬ ግን ሰበታ ሩቅ ነበር። ከፍኖተ ሰላም ሰበታ አጠገብ እስካለችው አዲስ አበባ ወደ 380 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ መካከል ላይ የዓባይ በረሃ አለ። ማየት የማይችለውን የ7 ዓመት ልጅ ለማያውቀው ሰው አስረክቦ መመለስ ለአባትም ለእናትም ከባድ ነው። በአዳሪ ትምህርት ቤቱ የነበረው ቦታም ውስን ነበር። ስለዚህ አብዛኛው ልጅ ቤት ቀረ።

የቀሩትም ጥቂት አልነበሩም። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት ከሕዝቡ ከመቶ 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር፣ ከመቶ 3.7 ያህሉ የማየት አቅማቸው ዝቅተኛ ሆኖ ተገኝቷል። በዚያው ጥናት ትራኮማ ከሁሉም በላይ የበረታው በአማራ ክልል ነበር። የውኃ እጥረት፣ ዝንብና የልጆች ፊት በየጊዜው አለመታጠብ በሽታውን ያስፋፋሉ፤ ከዚያም ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ሽፋሽፍት ብሌኑን እየፋቀ ብርሃን ይነሣል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ አካል ጉዳተኛ ተብሎ የተመዘገበው ከመቶ 1 ገደማ ብቻ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት ግን በዓለም ከመቶ 15 ያህሉ ሰው ከአካል ጉዳት ጋር ይኖር ነበር። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ካለው ልዩነት ውስጥ ቆጣሪው ሲመጣ ጓዳ የተቀመጡ ልጆች ይገኙበታል።

ለውጡ የመጣው 1986 ዓ.ም. ላይ ነው። በሚያዝያ የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የልዩ ፍላጎት ትምህርትን በስም አንሥቶ መምህራን እንዲሠለጥኑበት አዘዘ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የ92 አገሮች መንግሥታት ተወካዮች ስፔን ሳላማንካ ላይ ተሰብስበው መደበኛ ትምህርት ቤቶች ሁሉንም ልጆች እንዲቀበሉ አወጁ። በ1998 እና በ2004 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ አወጣ፤ በ2002 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጸደቀች። የትምህርቱ ተቋምም መልኩን ቀየረ። ልዩ ትምህርት ቤት ብቻ የነበረው በመደበኛ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ልዩ ክፍል ሆነ፤ ቀጥሎ ተማሪው ከሌላው ጋር የሚቀመጥበት አካቶ ክፍል መጣ፤ በኋላም ጎረቤት ትምህርት ቤቶችን በሚያስተባብሩ የጉድኝት ማዕከል ትምህርት ቤቶች ለአካባቢው ሁሉ የሚያገለግል የድጋፍ መስጫ ማዕከል መቋቋም ጀመረ። እንደ ፍኖተ ሰላም ባሉ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ዕጩ መምህር የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርትን እንደ አንድ ኮርስ ወስዶ ይወጣል።

አካቶ ሌላውን ተማሪ አይጎዳም ወይ የሚለው ጥያቄ የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያነሡትም ክፉ ሰዎች አይደሉም። የመንግሥት መመዘኛ ለአንደኛ ደረጃ በአንድ ክፍል 50፣ ለሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ይላል፤ በገጠር ግን 60 እና ከዚያ በላይ ተማሪ የታጨቀበት ክፍል ብርቅ አይደለም። በወላጅ መምህር ስብሰባ ላይ መምህሩ ይነሣና «እኔ አንድ ነኝ፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ ለአንዱ ስዞር ሃምሳ ዘጠኙን ማን ይያዝልኝ?» ይላል። ወላጁም የራሱ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ፈተና ላይ መሆኗን ያስባል። ይህ ጥያቄ በቁጣ ወይም በስብከት አይመለስም። በክፍሉ ውስጥ የሚሆነውን አንድ በአንድ መመልከት ይጠይቃል።

በመጀመሪያ ብሬሉን እንመልከት። ዓይነ ስውሩ ተማሪ ስሌት በሚባለው ባለ ቀዳዳ ማቀፊያ ውስጥ ወፍራም ወረቀት ያስገባል፤ ስታይለስ በሚባለው ሹል ብረት ነጠብጣቡን ይወጋል። የሚወጋው ከጀርባ ስለሆነ ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፋል፤ ወረቀቱን ሲገለብጠው ከግራ ወደ ቀኝ ያነብባል። በአማርኛ ብሬል ተናባቢውና አናባቢው ተነጣጥለው ስለሚጻፉ አብዛኛው ፊደል ሁለት ሕዋስ ይወስዳል። «ቡሬ» ለዓይናማው ሁለት ፊደል ናት፤ ለብሬል ጸሐፊው ቡ ሁለት፣ ሬ ሁለት፣ በድምሩ አራት ሕዋስ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ሕዋስ ደግሞ እስከ ስድስት ነጥብ ይወጋበታል። ዓይናማው ሰሌዳው ላይ ያለውን ገልብጦ ሲያበቃ እሱ ገና መካከል ላይ ነው። ተጨማሪ ሰዓት የሚጠይቀው ከዚህ ከጣት ሥራ የተነሣ ነው።

መምህሩስ ምን ያድርግ? ሰሌዳ ላይ የሚጽፈውን እየጻፈ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢያነብ ለዓይነ ስውሩ ትልቁ ድጋፍ ተደረገለት ማለት ነው። ይህ ከሌላው ተማሪ አንድ ደቂቃ አይወስድም። እንዲያውም ከኋላ የተቀመጠው፣ ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ሰሌዳውን ያንጸባረቀበት፣ መነጽር ቢያስፈልገውም የማያውቀው ልጅ ሁሉ ይጠቀማል። «ይህን ከዚያ ብንቀንስ» ማለቱን ትቶ «አምስትን ከአሥራ ሁለት ብንቀንስ» ቢል እንዲሁ ነው። የትምህርቱን ማጠቃለያ ተማሪዎች ተራ በተራ በቃል እንዲመልሱ ማድረግም እንዲሁ። እነዚህ ዘዴዎች ለጎጃም መምህር አዲስ አይደሉም፤ የኔታ በየምሽቱ ሲያደርጉት የኖሩት ነው። ንባቡን ከፍ አድርጎ ለዓይነ ስውር ጓደኛው የሚያነብ ተማሪም ትምህርቱን ሁለት ጊዜ ያጠናል፤ ቅኔ ቤት «ቀጽሎ ማስቀጸል» የሚባለው፣ ተምሮ መልሶ የማስተማር ልማድ በዚሁ ላይ የቆመ ነው።

የፈተናውም ነገር ተመሳሳይ ነው። ዓይነ ስውሩ ተማሪ አንባቢ ተመድቦለት፣ በተለየ ክፍል፣ ተጨማሪ ጊዜ ተሰጥቶት ቢፈተን ሌላው ተማሪ የሚያጣው ነገር የለም፤ የአንባቢው ድምፅ ስለማይረብሸው ይጠቀማል እንጂ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል። በክረምት ጭቃ ወቅት የክፍል ደጃፍ ላይ የተሠራ ተዳፋት መወጣጫ ለተሽከርካሪ ወንበር ብቻ አይሆንም፤ ለነፍሰ ጡር መምህርትም፣ ለአንደኛ ክፍል ሕፃንም ያገለግላል።

ሁሉም ግን እንዲህ በነፃ የሚገኝ አይደለም፤ ከባዱ መስማት የተሳናቸው ልጆች ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ የራሱ ሥርዓት ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው። የጣት ፊደሉ ተናባቢውን በእጅ ቅርጽ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ደግሞ በእጅ እንቅስቃሴ ያሳያል። ከገጠር የመጣው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ቋንቋ ያየበት ቦታ የለም፤ እናቱ ቤት ውስጥ በፈጠረችው ጥቂት ምልክት ብቻ ነው የሚግባባው። እንዲህ ያለውን ልጅ ስድሳ ሰው መካከል አስቀምጦ «አካተትነው» ማለት ስሙን በመዝገብ ላይ ማስፈር ብቻ ነው። መምህሩም አይግባባውም፣ ልጁም አይማርም፣ ክፍሉም አያተርፍም። ለእሱ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ከመሰሎቹ ጋር ቋንቋ የሚገበይበት፣ ምልክት የሚችል መምህር ያለበት ልዩ ክፍል ነው። ብዙ ጊዜ እስከ አራተኛ ክፍል በዚህ መልክ ተምሮ ከዚያ በአስተርጓሚ ወደ መደበኛው ክፍል የሚገባበት አሠራር ያለውም ለዚህ ነው። አስተርጓሚ ከሌለ ደግሞ ያ መሸጋገሪያ ገደል ይሆናል።

ሌላው የሚያስቆጨው የሒሳብ ነገር ነው። ዓይነ ስውራን ተማሪዎችን ከሒሳብ ነፃ ማድረግ በአገሪቱ ለረጅም ጊዜ የቆየ ልማድ ነው። በቅን ልብ የተጀመረ ነው፤ ምስልና ቀመር በብሬል ማዘጋጀት ከባድ ነው፣ መምህሩም ዘዴውን አልተማረም። ግን እንደ ድጋፍ የተሰጠው ነፃነት በር ዘጋ። ሒሳብ ያልተማረ ልጅ የተፈጥሮ ሳይንስ፣ ምጣኔ ሀብትና ኮምፒውተር ከፊቱ ይዘጉበታል። አባከስ የሚባለው በእንክብል የሚቆጠር መሣሪያ፣ በገመድና በሙጫ የተሠራ ጎላ ያለ ሥዕል፣ የሸክላ ቅርጽ እንኳ ብዙ ያስኬዳሉ። እነዚህን ለዓይናማው የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ቢያቀርቡለትም ክፍልፋይን በእጁ ዳስሶ ይገነዘባል። ከትምህርቱ ማስቀረትና ትምህርቱን በሌላ መንገድ ማቅረብ ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ለጊዜው ይቀልላል፤ የልጁን ዕድሜ ልክ ግን ይወስዳል።

እንግዲህ የመምህሩ ጥያቄ መልስ ያገኘው የት ላይ ነው? ብሬል ማስተማር፣ የምልክት ቋንቋ ማስተማር፣ መጽሐፍ ወደ ብሬልና ወደ ድምፅ መለወጥ የክፍል መምህሩ ሥራ ሊሆን አይችልም። ስድሳ ልጅ የያዘ ሰው ይህን ቢጨምሩበት ሁለቱንም ወገን ያጣል፤ የብዙኃኑ ትምህርት የሚጎዳውም በዚህ ጊዜ ነው። ሥራው የድጋፍ መስጫ ማዕከሉ ነው። በጉድኝት ማዕከሉ የሚቀመጠው የልዩ ፍላጎት መምህር ልጁን ከመደበኛው ሰዓት ውጪ ብሬል ያስተምራል፣ የፈተናውን ወረቀት ያዘጋጃል፣ በጉድኝቱ ሥር ባሉ ሳተላይት ትምህርት ቤቶች እየተዘዋወረ የክፍል መምህሩን ያማክራል። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የማራካሽ ስምምነትም መጻሕፍትን ማየት ለተሳናቸው በሚነበብ መልክ ማባዛትን ያቀልላል። የልዩ ፍላጎት መምህሩ በሌላ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ከተያዘ፣ ክፍሉ የአሮጌ ወንበር መጋዘን ከሆነ፣ ስሌቱ ካለ ወረቀቱ ከሌለ ግን ማዕከል የሚባለው ስም ብቻ ነው፤ ሸክሙም ተመልሶ ክፍል መምህሩ ላይ ይወድቃል።

ይህ ሁሉ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ክፍት ሲሆን የሚነገር ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል የተነሣው ጦርነት በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶችን አዘግቷል፤ ሚሊዮኖች ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጪ ሆነዋል። ምዕራብ ጎጃም ክፉኛ ከተጎዱት መካከል ነው፤ ፍኖተ ሰላም ራሷ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በደረሰባት የአየር ጥቃት ነዋሪዎቿን ቀብራለች። መንገድ ሲዘጋ ዓይናማው ልጅ ቢያንስ የታላቁን መጽሐፍ ያነብባል፤ ዓይነ ስውሩ ብሬሉን ከመርሳት ሌላ አማራጭ የለውም። መስማት የተሳነው ልጅ ደግሞ የሚያናግረው ሰው ያጣል፤ ቋንቋው ያለው ከጓደኞቹ ጋር፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ብቻ ነበርና።

ትምህርት ቤቶቹ ሲከፈቱ ምዝገባ ይኖራል። ርዕሳነ መምህራን፣ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችና የቀበሌ ሰዎች በየቤቱ ሲዞሩ በጓዳ የተቀመጠውን ልጅም ስሙን ይጠይቁ። የወላጅ መምህር ኅብረቶች የልዩ ፍላጎት መምህሩ በሌላ ሥራ እንዳይያዝ፣ የብሬል ወረቀት ከጠመኔው ጋር እኩል በጀት ውስጥ እንዲገባ ይጠይቁ። መምህራንም ጠመኔውን አንሥተው መጻፍ ሲጀምሩ የሚጽፉትን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያንብቡ፤ ይህ በጀትም መመሪያም ስለማይጠይቅ በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሊጀመር ይችላል።